ጥፋቱ የመብራት ሳይሆን ሲቀር፦ የፕሮሰሰር ቮልቴጅ አጭር ታሪክ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (የእኛ ነው ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ አገር ኮምፒውተር ሲታመም መጀመሪያ የሚከሰሰው መብራት ነው። መሐል ሜዳም ሁኑ ራቤል፣ ሞላሌም ሁኑ ዓለም ከተማ ነገሩ ያው ነው። መብራት ይሄዳል፣ ሲመለስ ጉልበቱን አብዝቶ ይመለሳል፣ ፓወር ሳፕላይ ይቃጠላል። ስለዚህ ክሱ ብዙ ጊዜ እውነት አለው። ግን አንድ ተጠርጣሪ ከተለመደ ሌላውን የሚመረምር አይገኝም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ዓለምን በጣም ካነጋገሩት የኮምፒውተር ብልሽቶች አንዱ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። የመጣው ከማዘርቦርዱ ነው፤ ያውም ማንም ሰው ሳይነካው፣ "ዲፎልት" ከሚባለው አቀማመጥ።

መጀመሪያ መንገዱን ላስታውሳችሁ። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ነው። ስታቢላይዘሩም ዩፒኤሱም የሚጠብቁት እሱን ነው። ፓወር ሳፕላዩ ይቀበልና ወደ 12 ቮልት ያወርደዋል። ከዚያ ማዘርቦርዱ ላይ፣ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ የተደረደሩት ክፍሎች 12ቱን እንደገና ወደ 1 ቮልት አካባቢ ያወርዱታል። ያቺ የመጨረሻዋ አንድ ቮልት ከፍ ዝቅ የምትለው በማን ትእዛዝ ነው? በፕሮሰሰሩ ጥያቄና በማዘርቦርዱ ፈርምዌር፣ እኛ ባዮስ በምንለው። የፈለገ ውድ ስታቢላይዘር ብትገዙ እጁ እዚያ ድረስ አይደርስም። ታሪኩ የዚያች የመጨረሻዋ ቮልት ታሪክ ነው።

በ1971 ኢንቴል 4004 የተባለውን የመጀመሪያ ማይክሮፕሮሰሰሩን ሲያወጣ ቺፑ 2,300 ትራንዚስተር ነበረው፤ የሚሠራውም በ15 ቮልት ነበር። በ1978 የመጣው 8086 ወደ 5 ቮልት ወረደ። 5 ቮልት ለ15 ዓመት ያህል ደንብ ሆኖ ቆየ። በ1993 የወጣው የመጀመሪያው ፔንቲየምም በ5 ቮልት ነበር የሚሠራው፤ ሙቀቱ ግን አስቸገረ። በቀጣዩ ዓመት የመጡት ፔንቲየሞች ወደ 3.3 ወረዱ፤ በ1997 የመጣው ፔንቲየም ኤምኤምኤክስ ደግሞ የውስጡ ቮልቴጅ 2.8 ሆነ። እንዲህ እያለ ወደ 1 ቮልት ሰፈር ደረሰ።

ለምን ወረደ? ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ነው የሚጨምረው። ፍጥነቱን ሳትነኩ 1.2 የነበረውን 1.5 ብታደርጉት ቮልቴጁ በ25 በመቶ ጨመረ፤ ኃይሉ ግን በ56 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሁለተኛው እርጅና ነው። ትራንዚስተሩ ባነሰ ቁጥር መከላከያ ሽፋኑም ይሳሳል፤ የሳሳ ነገር ደግሞ ብዙ ቮልቴጅ አይችልም። ወዲያው ባይቃጠልም ቀስ በቀስ ያረጃል።

በሌላ በኩል ፍጥነት የሚፈልግ ሁሉ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ቺፑ ቶሎ ቶሎ እንዲሠራ ገፋ ያለ ቮልቴጅ ካልተሰጠው ይሳሳታል። የፕሮሰሰር ታሪክ እንግዲህ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚደረግ ጉተታ ነው። ሻጩ ፍጥነት ይላል፣ ቺፑ ዕድሜዬን ይላል።

ታዲያ ቁጥሩን የሚወስነው ማነው? በ1990ዎቹ አጋማሽ ሰው ነበር የሚወስነው። የድሮ ማዘርቦርድ ከፍታችሁ የምታውቁ ታስታውሳላችሁ፤ ጃምፐር የምትባለዋን ትንሽ ፕላስቲክ ከአንዱ እግር ነቅሎ ሌላው ላይ መሰካት ነበር። ከተሳሳትክ ቺፑን ታቃጥላለህ፤ ጥፋቱም በግልጽ ያንተ ነው። በ1995 የመጣው ፔንቲየም ፕሮ ግን "እኔ ይህን ያህል ቮልት ነው የምፈልገው" ብሎ ለቦርዱ የሚናገርባቸው እግሮች ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጠያቂው ቺፑ፣ ሰጪው ቦርዱ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ አቢት የተባለው የታይዋን ኩባንያ ሶፍትሜኑ በሚለው ስም ጃምፐሩን ወደ ባዮስ ስክሪን አስገባው። ቮልቴጅ በኪቦርድ የሚቀየር ነገር ሆነ።

ከዚህ በኋላ ኦቨርክሎክ ማድረግ የጎበዝ ወጣቶች ጨዋታ ሆነ። በ1998 የወጣው ርካሹ ሴለሮን 300ኤ በ450 ሜጋኸርዝ እየሮጠ ውዶቹን ያሳፍር ነበር። ማዘርቦርድ ሠሪዎችም ገበያው የት እንዳለ አዩ። ቦርዶች በፈተና ሲወዳደሩ በሁለት በመቶ የበለጠ ፍጥነት ያሳየ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ከሳጥኑ እንደወጣ ቦርዱ ትንሽ ገፋ አድርጎ እንዲሠራ ማድረግ ተለመደ።

ኢንቴል ራሱም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። በ2000 ክረምት፣ ከኤኤምዲ ጋር በተያያዘው እሽቅድምድም 1.13 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 3 አወጣ። ቶማስ ፓብስት የተባለ ገምጋሚ ቺፑን ቢሞክረው የሊኑክስን ከርነል ኮምፓይል ማድረግ አልችል አለ። ሌሎች ገምጋሚዎችም ያንኑ አዩ። ከወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ኢንቴል ቺፑን ከገበያ ሰበሰበ። ልብ በሉልኝ፤ ቺፑ ጠርዝ ላይ ሲቆም አይሞትም። ይሳሳታል እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጥቅምት 10 ቀን 2015 በእኛ (ኦክቶበር 20 ቀን 2022) የኢንቴል 13ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ወጡ። ቁንጮው ኮር አይ9 13900ኬ እስከ 5.8 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። በዓመቱ 14ኛው ትውልድ ተከተለ፤ 14900ኬ 6 ጊጋኸርዝ ደረሰ። የ13900ኬ የኃይል ጣሪያ 253 ዋት ነው ብሎ ኢንቴል ጽፏል። ብዙ ማዘርቦርዶች ግን በዲፎልታቸው ላይ ያስቀመጡት ጣሪያ 4,096 ዋት ነበር። እንዲህ ያለ ኃይል ማንም ፕሮሰሰር አይበላም፤ ቁጥሩ ትርጉሙ "ገደብ የለም" ማለት ነው።

ከዚያ ቅሬታው ጀመረ። ጌም የሚጫወቱ ሰዎች "የቪዲዮ ሜሞሪ አልበቃም" የሚል መልእክት ይመጣባቸዋል። ግራፊክስ ካርዱን ይለውጣሉ፣ አይድኑም። ዚፕ ፋይል ሲፈታ ይሰበራል። የጌም ፋይሎችን የሚያጭቅ ሶፍትዌር የሚሠራው ራድ ጌም ቱልስ ጥፋቱ ከእኛ ሶፍትዌር ሳይሆን ከፕሮሰሰሩ ነው፣ የባዮስ አቀማመጣችሁን እዩ ብሎ ጻፈ። በኤፕሪል 2024 ኤንቪዲያም ችግሩ የገጠማችሁ ኢንቴልን ጠይቁ አለ። በዚያው ሰሞን ቦርድ ሠሪዎች ኢንቴል ያለውን ገደብ የሚያከብር አቀማመጥ በባዮስ ማሻሻያ ማውጣት ጀመሩ። ኢንቴል ወደ ቦርዶቹ ጣቱን ቀሰረ።

ግን እሱ ግማሹ እውነት ብቻ ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በእኛ (ጁላይ 22 ቀን 2024) ኢንቴል ራሱ አመነ፤ የገዛ ማይክሮኮዱ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ሲጠይቅ ኖሯል። ቺፑ ራሱ ተሳስቶ ይጠይቃል፣ ቦርዱ ያለ ገደብ ይሰጣል። በኦገስት ከ1.55 ቮልት በላይ እንዳይጠየቅ የሚከለክል ዜሮ-ኤክስ-129 የተባለ ማይክሮኮድ ወጣ፤ የዋስትናው ጊዜም በሁለት ዓመት ተራዘመ። መስከረም 15 ቀን 2017 በእኛ፣ በደመራ ዋዜማ፣ ሙሉው ምክንያት ተነገረ። ለቺፑ የሥራ ምት የሚሰጠው የሰዓት መስመር በከፍተኛ ቮልቴጅና ሙቀት ያረጃል፤ ሲያረጅ ቺፑ ሳይሳሳት የሚሠራበት ዝቅተኛ ቮልቴጅ ወደ ላይ ይሸሻል። ትናንት 1.2 ይበቃው የነበረ ዛሬ አይበቃውም ማለት ነው።

የሚገርመው ከተዘረዘሩት አራት ምክንያቶች የመጨረሻው ነው። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈቶ በተቀመጠበት ሰዓት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይጠየቅ ነበር። እሱን ለማስተካከል ዜሮ-ኤክስ-12ቢ ወጣ። በሜይ 2025 ደግሞ ለቀናት ሳይጠፉ በቀላል ሥራ ላይ ለሚቆዩ ኮምፒውተሮች ዜሮ-ኤክስ-12ኤፍ ተጨመረ። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ትታችሁ የምታድሩ ይህን አስቡ።

ኢንቴል ብቻውን እንዳይመስላችሁ። በ2023 የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ቺፖች ሶኬታቸው ላይ ሲቃጠሉ ታይተው፣ ኩባንያው አንዱን ቮልቴጅ 1.3 ላይ እንዲገደብ አድርጓል። በሽታው የአንድ ቤት አይደለም።

የመንዝ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ጓሳን ለዘመናት ያቆየው "ሣሩ ይከበር" የሚል ቃል አልነበረም። መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚታጨድ የሚወስን፣ የጣሰውን የሚቀጣ ተጠሪ ስለነበረ ነው። ከ1967ቱ (በእኛ) የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ሲላላ ጓሳው ምን እንደሆነ ታላላቆቻችን ያውቃሉ። የኢንቴል 253 ዋትም በወረቀት ላይ ነበረች። ጠባቂ አልነበራትም።

ታዲያ ይሄ ሁሉ እኛን ምን አገባው? እንዲህ ነው። ክርክሩ ሲጦፍ፣ ማሻሻያው ሲወጣ የእኛ አካባቢ የት ነበር? በ2015 ክረምት (በእኛ) የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ጠፍቶ ነበር። ሌላው ዓለም ባዮሱን ሲያድስ እዚህ ዜናውም አልደረሰም። የፎቶና የቪዲዮ ቤቶቻችን ግን ከአዲስ አበባ ያገለገሉ ጠንካራ ማሽኖች ያስመጣሉ፤ የሠርግ ቪዲዮ ያለ ጠንካራ ፕሮሰሰር አይሆንም። ዋስትናው ከማሽኑ ጋር አይመጣም፤ የተጎዳውም ቺፕ በዓይን አይለይም።

ከተማሪዎቼ አንዱ መሐል ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ቤት አለው። ቪዲዮው ኤክስፖርት ሲደረግ ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ይሆናል። ዊንዶውስ ሦስት ጊዜ ፎርማት ተደረገ፣ ራም ተቀየረ፣ ስታቢላይዘር ተገዛ። ባዮሱን ስናየው የ2022 ነበር፤ የመጀመሪያው። አደስነው፤ መውደቁ ግን አልቆመም። ፍጥነቱን በ200 ሜጋኸርዝ ስንቀንሰው ቆመ። ያ ማለት ቺፑ ቀድሞ ተጎድቷል፤ እኛ ያደረግነው ጊዜ መግዛት ነው። ቢያንስ የወቅቱን ሠርጎች አስረክቦ፣ ገንዘብ ይዞ ቺፑን ለወጠ።

ከፍታችንንም አትርሱ። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋን የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ብርዳችን ያካክሳል፤ ግን በተዘጋ ክፍል፣ በአቧራ በታፈነ ፋን አትተማመኑ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ።

1ኛ፣ ፕሮሰሰራችሁን እወቁ። ነገሩ የሚመለከተው 13ኛና 14ኛ ትውልድ፣ የዴስክቶፕ፣ መነሻ ኃይላቸው 65 ዋትና ከዚያ በላይ የሆኑትን ነው። 12ኛው ትውልድና ላፕቶፖች የሉበትም ብሏል ኢንቴል።

2ኛ፣ የባዮሳችሁን ቀን እዩ። ከሜይ 2025 በፊት የወጣ ከሆነ ከቦርዱ ሠሪ ገጽ አዲሱን አውርዱ። ኔት የሌላችሁ ደብረ ብርሃን ስትወጡ በፍላሽ ይዛችሁ ግቡ።

3ኛ፣ ዩፒኤስ ሳይኖር ማደስ አትጀምሩ። እዚህ ላይ መብራት በእውነት ተጠያቂ ይሆናል፤ መሐል ላይ ከሄደ ቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

4ኛ፣ ካደሳችሁ በኋላ ባዮስ ገብታችሁ "ኢንቴል ዲፎልት ሴቲንግስ" የሚለው መመረጡን አረጋግጡ። በብዙ ቦርዶች ላይ የባዮስ ባትሪ ሲደክም አቀማመጡ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ ሰዓቱ የሚዛባ ኮምፒውተር ካላችሁ ባትሪውን ለውጡ።

5ኛ፣ ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ፊት ትልቅ ዚፕ ፋይል ደጋግማችሁ ፍቱ። አንዴ እንኳ ስህተት ካወጣ ተዉት።

ማሻሻያው ደህናውን ይጠብቃል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። ስለዚህ ደህና እየሠራ ያለ ማሽን ያላችሁ ናችሁ መቸኮል ያለባችሁ። የፕሮሰሰራችሁን ስምና የባዮሳችሁን ቀን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ዘመሮ፣ ወገሬ፣ ራቤል፣ ዓለም ከተማ ላላችሁት ደግሞ ኔት የሌለው ጓደኛ ካላችሁ በስልክ ንገሩት።

መልካም ሰንበት።