የሃይማኖት ነፃነትና የግል ምርጫ በሐዲያና በከምባታ

በሆሣዕና፣ በዱራሜና በዙሪያቸው ባሉት ከተሞች የሚኖሩት የሐዲያና የከምባታ ሕዝቦች ዛሬ በአብዛኛው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ቢሆኑም፣ ሐዲያ የሚለው ስም በመካከለኛው ዘመን መጻሕፍት ዘንድ የታወቀው በእስላማዊ መንግሥትነቱ ነበር፤ ስለዚህም አንድ ሰው በሙስሊም አገር ተወልዶ ሌላ ሃይማኖት ለመምረጥ፣ ወይም በክርስቲያን አገር ተወልዶ ሙስሊም ሆኖ ለመኖር ምን ያህል ነፃ እንደ ነበረ ለሚመረምር ሰው፣ በኢትዮጵያ ምድር ከዚህ አውራጃ ይልቅ ብዙ የሚያስተምር ታሪክ ያለው ጥቂት ነው።

በ14ኛው ምዕተ ዓመት የጻፈው ዐረባዊ ሊቅ አል ዑመሪ፣ ሐዲያን ከሰባቱ የኢትዮጵያ እስላማዊ መንግሥታት አንዱ አድርጎ ከቈጠረ በኋላ፣ ንጉሡ አርባ ሺህ ፈረሰኛ እንዳለውና ከሌሎቹ ይልቅ ኀያል እንደ ሆነ ይመሰክራል። በዚያው ዘመን ዐፄ ዐምደ ጽዮን ሐዲያን አስገብረው ነበር፤ ኋላ ግን የአገሩ ገዥ አማኖ፣ በለዓም የሚባል ሰባኪ ወደ ንጉሡ እንዳይሄድና ግብር እንዳይሰጥ ስለ መከረው ዐመፀ፤ ለዚህም አገሩ በጦር ተቀጣ። ሰባኪው የተናገረው በሃይማኖት ስም ሲሆን ክርክሩ ግን የግብር ነበር፤ ባላገሩም በየትኛው በኩል እንደሚቆም የጠየቀው ማንም አልነበረም።

ከመካከለኛው ዘመን የግል ታሪኳ በመጠኑ የታወቀልን አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እርሷም የሐዲያው ገዥ የገራድ መሕመድ ልጅ፣ ኋላ ንግሥት እሌኒ የተባለችው ናት። ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተድራ፣ ተጠምቃ፣ በቤተ መንግሥት እጅግ የተከበረች እመቤት ሆነች፤ ለሕፃኑ ልብነ ድንግል የመንግሥት ጠባቂ በነበረችበት ጊዜም በ1500 ዓ.ም. ግድም ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከች እርሷ ነበረች። ክርስትናዋ ከልብ እንደ ነበረ የሚያጠራጥር ምክንያት የለም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው እርምጃ የአባቷና የንጉሡ ውል እንጂ የእርሷ ፈቃድ እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም። ወንድሟ ማሒኮ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ላይ ሲያምፅ ሹመቱ ወደ አጎቱ ወደ ባሞ ተላለፈ።

በ1524 ዓ.ም. ግድም የኢማም አሕመድ ሠራዊት ወደ ሐዲያ በደረሰ ጊዜ አገሩ ከኢማሙ ጋር ወገነ፤ ከጦርነቱና ከኦሮሞ ሕዝብ መስፋፋት የተነሣ ግን የሐዲያ ነገዶች ወደ ምዕራብ እየፈለሱ ከእስልምና የትምህርት ማዕከሎች ተለዩ። መምህር በሌለበት አገር እስልምና ቀስ በቀስ ከአያቶች ሥርዓት ጋር ተቀላቅሎ ፈንዳኖ የሚባለውን ሃይማኖት አስገኘ፤ ይህም ዋዕ ለሚባለው ሰማያዊ አምላክ የሚጸልይ፣ ጾምን የሚጾም፣ ከሙስሊም አባቶቹ የወረሰውን ነገር በሌላ መልክ የጠበቀ ሃይማኖት ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኡልሪኽ ብራውኬምፐር የሐዲያን ታሪክ ሲያጠና ለዚህ ሥርዓት ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። ከእስልምና ስለ ወጣ በሐዲያ ላይ የፈረደ ዳኛ አልነበረም፤ የሚፈርድ ቃዲም በአቅራቢያው አልነበረምና።

በከምባታ ደግሞ ከጥንት የክርስትና ዘመን የተረፈ ቅሪት ነበር። በ1606 ዓ.ም. ግድም ኢየሱሳዊው አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ ዐፄ ሱስንዮስ ልከውት ወደ ህንድ ውቅያኖስ ጠረፍ መንገድ ሲፈልግ በከምባታ አልፎ፣ ወደ ሀላባ በደረሰ ጊዜ ግን ሙስሊሙ ገዥ አሊኮ ይዞ አስሮት ነበር፤ በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት ሃይማኖቶች ጎን ለጎን መኖራቸው እንግዲህ ለአውራጃው አዲስ ነገር አይደለም።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አስገዳጅነት ከሁለት ወገን መጣ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የወሎን ሙስሊም መኳንንት ወደ ክርስትና ሲጠሩ፣ በደቡብ ደግሞ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ በጉራጌና በሐዲያ ላይ በጂሃድ ስም ዘመተ፤ በ1881 ዓ.ም. ግድም ግን በራስ ጎበና ጦር ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ አገሩ በዐፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ሲገባ፣ ራስ አባተ ቧያለው የከምባታ ገዥ በሆኑበት ዘመን ቀድሞ ዋቸሞ ይባል በነበረው ሥፍራ የሆሣዕና ከተማ ተቈረቈረች። ቤተ ክርስቲያን ከመልከኛውና ከነፍጠኛው ጋር አብራ ስለ መጣች፣ ገባሩ ጥምቀትን ከግብር ለይቶ ለማየት ተቸግሮ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

የግል ምርጫ ሰፊ መንገድ ያገኘው፣ እንግዳ ቢመስልም፣ ገዥውም ሰባኪውም በደከሙበት ጊዜ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ዶክተር ቶማስ ላምቢ የመሩት የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን በሆሣዕና ጣቢያ ከፈተ፤ የካቶሊክ ካፑቺን መነኮሳትም በከምባታ ሠሩ፣ የሆሣዕና ሐዋርያዊ ግዛትም በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ። አገሩን የያዘው ጣልያን የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ሰዎችን ባባረረ ጊዜ በየአውራጃው የነበሩት አማኞች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ በጎረቤት ወላይታ መቶ የማይሞሉት ሰዎች እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ዐሥር ሺህ ያህል እንደ ደረሱ ይነገራል፤ በሐዲያና በከምባታም እንደዚሁ የአገሩ ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ፣ ያለ ደመወዝና ያለ ጠባቂ፣ ብዙዎችን አሳመኑ። ከፈንዳኖ የመጡት ብዙ ናቸው፤ የዛሬው የቃለ ሕይወት ማኅበረ ምእመናን ሥር ከዚህ ዘመን ይጀምራል። የከምባታ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1961 ዓ.ም. ከመካነ ኢየሱስ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር ተዋሐደች።

ሕጉ ዘግይቶ ደረሰ። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮን ድንጋጌ አገሩን ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በተወሰነና ለሚሲዮን በተከፈተ ክፍል ከፈለው፤ ምርጫው የመንደሩ አቀማመጥ እንጂ የሰውዬው ኅሊና ጉዳይ አልነበረም። ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የሰብአዊ መብቶችን ዓለም አቀፍ መግለጫ ሲያጸድቅ ኢትዮጵያ ድምፅዋን ሰጠች፤ ሃይማኖትን የመለወጥ መብት በውስጡ ስለ ነበረ ሳዑዲ ዐረቢያ ድምፅ ከመስጠት ስትቈጠብ፣ የፓኪስታኑ ዘፍሩላህ ኻን ግን ከቁርኣን አስረጅ እየጠቀሰ ደገፈው፤ ሙስሊም ነኝ ባይ ሁሉ በዚህ ጉዳይ አንድ ሐሳብ እንዳልነበረው ይህ በቂ ምስክር ነው። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለሁሉም የአምልኮ ሥርዓት ሕጉን እስከ ጠበቀ ድረስ ጥበቃ ሰጠ፤ ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያንን ግን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ አጸና። ሙስሊሞች በ1966 ዓ.ም. ሚያዝያ በአዲስ አበባ ሰላማዊ ሰልፍ ወጥተው እኩልነትን ጠየቁ፤ ደርግም በዓላቸውን የሕዝብ በዓል አደረገ፤ ነገር ግን እርሱው የብዙ ወንጌላውያንን ጸሎት ቤቶች ዘጋ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመያዝና የመቀበል መብትን አረጋገጠ፣ ማስገደድንም ከለከለ፤ በአንቀጽ 34 ደግሞ የጋብቻና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ፍርድ ቤት የሚታየው ተከራካሪዎች ሲፈቅዱ ብቻ መሆኑን ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188 ይህንኑ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሆኖም መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደ ፈቀደ ይቈጠራል። እኔ እንደማስበው የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ሃይማኖቱን ቢለውጥ ለእርሱ ከሰይፍ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ዓይነቱ ዝምታ ነው፤ ውርስና የትዳር ክርክር ሲመጣ ያልተናገረው ቃል እንደ ተናገረ ይቈጠርበታልና።

በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ከሐዲያ ዞን ነዋሪ ሦስት አራተኛ ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ ከመቶው ዐሥራ አንድ ያህሉ ሙስሊም፣ የቀሩት በአብዛኛው ኦርቶዶክስና ካቶሊክ ነበሩ። ከዞኑ ድንበር ማዶ ያሉት ሀላባና ስልጤ ግን በአብዛኛው የሙስሊም አገር ስለ ሆኑ፣ በአንዱ ወገን ብዙ የሆነው በሌላው ጥቂት ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በሀላባ ቁሊቶ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ጥቃት በደረሰባቸው ጊዜ የሁለቱ ወገን ሰዎች በአንድ ገበያ የሚገናኙ ጎረቤታሞች ነበሩ። ሆሣዕናም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ እነዚህ ሁሉ ሕዝቦች ጉዳያቸውን ይዘው ወደ እርሷም ይመጣሉ።