«ቤታችን ጭስ የለም»፦ ከእንጦጦ እንጨት እስከ ኮንዶሚኒየም ከሰል



«ዶክተር፣ ቤታችን ጭስ የለም፤ የምንጠቀመው ከሰል ብቻ ነው።» የሚያስል ልጅ ይዘው የሚመጡ ወላጆችን በምን እንደሚያበስሉ ስንጠይቅ ደጋግመን የምንሰማው መልስ ነው። ይህ እምነት ከየት እንደመጣ ለመረዳት የከተማችንን ማድቤት ታሪክ እንመልከት። ምሳሌያችን ካዛንቺስና ባምቢስ አካባቢ ይሁን።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የሚበስለው በእንጨት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የአካባቢው ደን ተመናመነ። ማገዶ በመጥፋቱም አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ በኋላ እናቶች ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው እያወረዱ ከተማዋን መገቡ። ጭሱ ብዙ ቢሆንም፣ ግቢ ያለው ሰው ማድቤቱን ከመኖሪያው ለይቶ ከጓሮ ይሠራ ነበር። ጉዳቱ ይበልጥ የሚያርፈው ምድጃው ሥር በምትውለው ሴትና ባዘለችው ሕፃን ላይ ነበር።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ነው። «ካዛ» ቤት ማለት ሲሆን፣ «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ የነበረው የጣሊያን ተቋም አጭር ስም ነው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ሲወረሱ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሆኑ። ቤተሰብ እየበዛ ሲሄድ ሰርቪስ ቤቱና ማድቤቱ ራሱ መኖሪያ ሆነ፤ ምድጃውም ወደ በረንዳና ወደ መኝታ ክፍል ገባ። ለጠባብ ቤት ከሰል ይመቻል፤ ግድግዳ አያጠቁርም፣ ዓይን አያስለቅስም። በ1980ዎቹ የመጣው «ላቀች» ምድጃም ከሰል ቆጠበልን፤ ጋዙን ግን አላስቀረልንም።

የጭቃና የቆርቆሮ ቤት ግን አንድ ውለታ ነበረው፤ በየስንጥቁ አየር ያስገባል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር መንደሮች ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ደግሞ በርና መስኮቱ ግጥም ብሎ የሚዘጋ ቤት አገኘ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢኖርም መብራት ሲጠፋ፣ ቡና ሲፈላና ክረምት ሲገባ ያው የድሮው ከሰል ይቀጣጠላል። ቤቱ ተለወጠ፤ ልማዳችን ግን አልተለወጠም።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ስለሚጣበቅ አንጎልና ልብ ኦክስጅን ያጣሉ። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። «ፍም ሆኖ ከቀላ በኋላ ነው የምናስገባው» የሚሉ አሉ፤ የቀላው ፍምም ጋዙን ያመነጫል።

የእንጨት ጭስም ቀስ ብሎ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2020 እ.ኤ.አ. ከቤት ውስጥ ማብሰያ በሚመጣ የአየር ብክለት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ሕፃናትን ለሳንባ ምች፣ አዋቂዎችን ለልብና ለሳንባ በሽታ ያጋልጣል።

ስለዚህ፦

✅ ከሰል በረንዳ ወይም ደጅ ላይ ይቀጣጠል፤ እዚያው ይጠቀሙበት።
✅ ለማሞቂያ ብለው ወደ መኝታ ክፍል በፍጹም አያስገቡ። ብርድ ልብስ ይደርቡ።
✅ ሲያበስሉም ሆነ ቡና ሲያፈሉ በርና መስኮት ይክፈቱ፤ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ያርቁ።
✅ ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከተሰማዎት፣ በተለይ ብዙ ሰው አብሮ ካመመው፣ ጉንፋን ነው ብለው አይተኙ። ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ።
✅ ራሱን የሳተ ሰው ካለ ወደ ንጹሕ አየር አውጥተው አምቡላንስ ይጥሩ (907 ወይም 939)። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣም፤ ራሱን የሳተን ሰው ደግሞ ሊያንቀው ይችላል። የሚያስፈልገው ሕክምና ኦክስጅን ነው።

አያቶቻችን ማድቤቱን ከቤት ያራቁት ስለሚታይ ጭስ ነበር። እኛ ደግሞ ስለማይታየው ጋዝ ከሰሉን ከመኝታ ቤት እናርቅ።

ለወዳጅ ዘመድዎ ያጋሩ።