የሞሽዌሽዌ አምባና የአንድ ሰው ራጅ

የዝግጅት ኮሚቴው «ከአገር ውጭ ስለሠራሽበት ዘመን አንድ ነገር ጻፊልን» ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ደመወዙ፣ ስለ ብርዱና ስለ ናፍቆቱ ልጽፍ ነበር። ግን እሱን ግማሻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከ2010 እስከ 2016 ስለሠራሁባት ስለ ሌሶቶ ታሪክ ልጻፍ አልኩ። የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም፤ የታሪክ ክፍል መምህራን ይህን ካነበቡ ትንሽ ይታገሡኝ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚያ ልሄድ ስነሳ እናቴ «ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያለች ከተማ ናት?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። በመጋቢት 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት በምክር ቤታቸው ፊት ቆመው «ማንም ሰምቷት የማያውቅ አገር» ሲሏት አዳራሹ ሳቀ። እኔ ተናደድኩ። ለነገሩ እኔም ሥራውን ከማግኘቴ በፊት ካርታ ላይ ፈልጊ ብባል አላገኛትም ነበር።

ሌሶቶ ከ30,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት የምትበልጥ፣ ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ አለፍ የሚል የሚኖርባት አገር ናት። በዓለም ላይ በአንድ አገር ብቻ ዙሪያቸውን የተከበቡት ሦስት አገሮች ሌሶቶ፣ ቫቲካንና ሳን ማሪኖ ናቸው። የሌሶቶ ከባቢ ደቡብ አፍሪካ ነው። ዝቅተኛ የሚባለው ቦታዋ 1,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከፍተኛው ጫፍ ታባና ንትሌንያና 3,482 ሜትር ይደርሳል። ሰዎቹ ራሳቸውን ባሶቶ ይላሉ፣ አንዱ ሰው ሞሶቶ፣ ቋንቋቸው ሴሶቶ ነው። የአገሩን ስም እኛ «ሌሶቶ» እንላለን እንጂ እነሱ ሲጠሩት «ሌሱቱ» ነው የሚመስለው። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ሽማግሌዎች ወፍራም ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በፈረስ ወደ ሆስፒታሉ ሲመጡ ሳይ መንዝ የደረስኩ መሰለኝ። የማሽላ ጠላቸው እንኳ ከእኛው ጠላ ብዙም አይርቅም።

የሠራሁበት ሆስፒታል በምዕራቡ ቆላማ ክፍል ነበር። ቆላ ስላቸው ይስቁብኛል እንጂ፣ እኛ ወይና ደጋ የምንለው ነው። ከወንዶች ክፍል መስኮት ሆኖ ሲያዩ የሞሆካሬ ወንዝ ይታያል፤ ሌላው ስሙ ካሌዶን ነው። ከወንዙ ወዲህ በጎርፍ የተቦረቦረ፣ ለብዙ ቤተሰብ የተሸነሸነ ጠባብ ማሳ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ የደቡብ አፍሪካ የእርሻ ሜዳ። አፈሩ ያው፣ ዝናቡ ያው። ታዲያ ወሰኑ ለምን እዚያ ላይ ቆመ? ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ያስጠየቀኝም አንድ በሽተኛ ነው። እሱ ጋ እደርሳለሁ።

በ1820ዎቹ የደቡባዊ አፍሪካ መሃል አገር በጦርነትና በረሃብ ይታመስ ነበር። ሕዝብ ከሕዝብ ላይ እየተገፋ ይሰደዳል፣ ከብት ይዘረፋል፣ የተራበ ሰው ሰው እስከ መብላት ደርሷል። በዚህ መሃል ሞሽዌሽዌ የሚባል ወጣት አለቃ በ1824 ወገኖቹን ይዞ ታባ ቦሲዩ ወደሚባል ተራራ ወጣ። ትርጉሙ «የሌሊት ተራራ» ማለት ነው። እኔ ግን ሳየው ያልኩት «ይህማ አምባ ነው!» ነው። ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ፣ ላዩ ላይ ምንጭ ውኃ ያለው፣ መውጫው ጥቂት በር ብቻ። በሞሽዌሽዌ ዘመን የመጣበት ጦር ሁሉ ወግቶ ሊይዘው ሳይችል ቀርቷል። ስሙ ራሱ ከወጣትነት ዘረፋው የመጣ ነው፤ የአንድ አለቃ ከብት ነድቶ «ጢሙን ላጨሁት» ብሎ ፎከረ፣ ሞሽዌሽዌ የምላጩ ድምፅ ነው ይላሉ።

ወደ አምባው ሲጓዙ ሽማግሌ አያቱን ፔቴን ወደኋላ የቀሩበት ቦታ ሰው በላዎች ያዙትና በሉት። በኋላ ሰዎቹ ተይዘው ሲቀርቡ ወታደሮቹ ይገደሉ አሉ። ሞሽዌሽዌ «የአያቴ መቃብር እነሱ ናቸው፤ መቃብር አይረበሽም» ብሎ ከብት ሰጥቶ አሰፈራቸው ተብሎ ይተረካል። ቃል በቃል እንዲያ ብሎ ይሁን አይሁን ማን ያውቃል፣ ነገር ግን የአገዛዙን መንገድ በደንብ ያሳያል። ለተጠጋው ሁሉ ከብት ያውሳል፣ ወተቱ የተበዳሪው፣ ከብቱ የንጉሡ፤ እኛ አገር ርቢ ከምንለው ጋር ይቀራረባል። በ1831 የምዚሊካዚ ጦር አምባውን ሊወጣ ሞክሮ ሲመለስ ከኋላው ለስንቅ የሚሆን ከብት ላከለት። በ1852 የእንግሊዙ ጄኔራል ካትካርት መጥቶ ሳይቀናው ሲቀር ሞሽዌሽዌ በዚያው ሌሊት ደብዳቤ ጻፈለት፤ ኃይልህን አሳይተሃል፣ ከብትም ወስደሃል፣ አሁን ይብቃን የሚል። አሸናፊው ተሸናፊውን በክብር የሚሸኝበት ደብዳቤ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም ይህን ሳነብ ከአእምሮዬ ያልወጣው ዐፄ ቴዎድሮስ ነው። ሁለቱም ከተበታተነ ዘመን አገር ለማቆም የተነሡ፣ ሁለቱም አምባ የያዙ ናቸው። ለሁለቱም ፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን መጡ። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ እንዲያቀልጡለት አደረገ። ሞሽዌሽዌ ከ1833 ጀምሮ ከፓሪስ ከመጡት መሃል ዩጂን ካዛሊስን ደብዳቤ ጸሐፊና የውጭ ጉዳይ አማካሪ አደረገው። በ1862 ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ አዙረው ነበር። የእኛው ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ የሚከተለውን ሁላችን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ተምረነዋል። ሞሽዌሽዌ የጠየቀው ደግሞ ጥበቃ ነው። በምዕራብ በኩል የኦሬንጅ ፍሪ ስቴት ቦዌሮች በ1858፣ ከዚያም ከ1865 ጀምሮ ወጉት። አዛዣቸው ሎው ቬፐነር አምባውን ሊወጣ ሲል በነሐሴ 1865 ተገደለ። አምባው አልተያዘም፣ ግን ከአምባው በታች ያለው እህል ተቃጠለ፣ ከብቱ ተነዳ።

መጋቢት 12 ቀን 1868 እንግሊዞች ባሱቶላንድን በንግሥቲቱ ሥር አደረጉ። ሚያዝያ 13 ቀን 1868 መቅደላ ወደቀች። መሃሉ አንድ ወር ብቻ ነው! በአንድ ንግሥት ስም፣ በአንድ አህጉር፣ አንዱ ባለ አምባ ሽጉጡን ጠጣ፣ ሌላው ብዕር ይዞ ገባ። ማን ልክ ነበር የሚለውን ለሻይ ሰዓት እንተወው። ሞሽዌሽዌ ስለከፈለው ዋጋ ግን ልናገር። በ1869 አሊዋል ኖርዝ ላይ እንግሊዝና ፍሪ ስቴት ወሰን ሲዋዋሉ ባሶቶዎች ከተዋዋዮቹ መሃል አልነበሩም። ከሞሆካሬ ማዶ ያለው ለም ሜዳ በዚያ ወረቀት ቀረ። ሽማግሌው ንጉሥ በዓመቱ መጋቢት 1870 ሞተ። ሕዝቡን አትርፏል፣ ተራራውን አትርፏል፤ ጎተራው ወንዝ ተሻግሮ ቀረ።

እንግሊዞች አገሪቱን በ1871 ለኬፕ ቅኝ ግዛት አሳልፈው ሰጧት። ኬፕ በ1880 የባሶቶን ጠመንጃ ልግፈፍ ብላ ተዋግታ ስላልሆነላት፣ በ1884 እንደገና በቀጥታ በለንደን ሥር ሆነች። ያ ጦርነት ባይኖር ኖሮ ሌሶቶ ዛሬ ከደቡብ አፍሪካ ክፍለ ሀገሮች አንዷ ትሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1910 የደቡብ አፍሪካ ኅብረት ሲመሠረትም አንገባም አሉ። በጥቅምት 4 ቀን 1966 ነጻ ወጡ።

የመንግሥቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው፣ ብዙው ለእኛ እንግዳ አይደለምና። በ1970 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሌቡዋ ጆናታን የተሸነፉበትን ምርጫ ሰረዙ። በ1982 የአፓርታይድ ጦር ስደተኞችን አሳድዳለሁ ብሎ በሌሊት ማሴሩ ገብቶ 42 ሰው ገደለ፤ 12ቱ የአገሩ ሰዎች ናቸው። በጥር 1986 ደቡብ አፍሪካ ድንበሩን ዘጋች፣ በዚያው ወር ወታደሩ ሥልጣን ያዘ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የተራራውን ውኃ ለጆሃንስበርግ አካባቢ የሚያቀርበው ስምምነት ተፈረመ። የቅደም ተከተሉን ፍርድ ለእናንተ እተዋለሁ። 185 ሜትር ከፍታ ያለው የካትሴ ግድብ ውኃ ከ1998 ጀምሮ ይሄዳል፣ ለሌሶቶም ክፍያ ይገባል። አብራኝ የምትሠራ ነርስ ግን እናቷ ዛሬም ከምንጭ በአህያ ነው የምታስቀዳው። በ1993 ምርጫ ተመለሰ፣ በ1998 ማሴሩ ተቃጠለች፣ ከ2002 ጀምሮ ከ120 መቀመጫ 80 በወረዳ 40 በተመጣጣኝ ውክልና ሆነ። ንጉሥ ሌትሲ ሦስተኛ ይነግሣሉ እንጂ አይገዙም። በሴኔቱ ካሉት 33 ሰዎች 22ቱ የአውራጃ አለቆች ናቸው፤ በመሬትና በግጦሽ ጠብ ሰው አሁንም መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አለቃው ነው።

አሁን ወደ ወንዶች ክፍል እንመለስ። ሜዳው ከሄደ በኋላ ተራራው ያንን ሕዝብ መመገብ አቃተው። መጀመሪያ ለኪምበርሊ የአልማዝ ሠራተኛ እህል ይሸጡ የነበሩት ሰዎች፣ ወሰኑ ጠብቦ፣ ግብሩ ከብዶ፣ ድርቅ ሲጨመርበት፣ ራሳቸው ወደ ማዕድን ወረዱ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ100,000 በላይ የሌሶቶ ወንዶች በደቡብ አፍሪካ ማዕድን ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ቅነሳው መጣና ተመለሱ። ይዘው የተመለሱትን እኛ ሐኪሞቹ አየነው፤ የወርቅ ድንጋይ አቧራ ሳንባቸው ላይ ጠባሳ ጥሎ፣ በጠባሳው ላይ ቲቢ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ ከአራት አዋቂ አንዱን ገደማ የያዘው ኤች አይ ቪ። የሌሶቶ የቲቢ ስርጭት በዓለም ላይ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ሰውየው ስድሳ ያለፋቸው ነበሩ። እዚያ ትልቅ ሰው «ንታቴ» ይባላል፣ እንደ እኛ «አባባ»። በእኔ እጅ ሁለት ጊዜ የቲቢ መድኃኒት ወሰዱ። አክታቸው ሁለቱንም ጊዜ ነጻ ነበር፤ ራጁን አይቼ ነው ያስጀመርኳቸው። አልተሻላቸውም። እዚያ በሽተኛ ሁሉ «ቡካና» የምትባል ትንሽ የጤና ደብተር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ቡካናቸው ላይ በገዛ እጄ «ሥራ፦ ገበሬ» ብዬ ጽፌያለሁ። ብርድ ልብስ ለብሰው፣ በፈረስ መጥተው፣ ሌላ ምን ይሆናሉ ብዬ? ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ፊልሙን መስኮቱ ላይ ይዤ ሳየው እሳቸውም አብረው ያዩ ነበር። «ዶክተር፣ ይሄ አቧራው ነው» አሉኝ። ሃያ አንድ ዓመት ወርቅ ማዕድን ውስጥ። ከላይኛው የሳንባ ክፍል የተበተኑት ነጠብጣቦች፣ ዳራቸው እንደ እንቁላል ቅርፊት የነጣው ዕጢዎች፣ ሁሉም እዚያው ፊቴ ላይ ነበሩ። የውስጥ ደዌ መምህራችን በየዙሩ «ሂስትሪ ስትወስዱ ሥራ ጠይቁ፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም ጠይቁ» ሲሉን የነበረው ያን ቀን ትዝ አለኝ። «ለምን ሄዱ?» አልኳቸው፤ የሞኝ ጥያቄ። ተቆጡ አይባልም፤ በአገጫቸው ወደ ወንዙ ማዶ ብቻ አመለከቱ። የ1869ን ነገር ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

በ2015 ሞቱ። በ2019 የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማዕድን ኩባንያዎችና በታመሙ ሠራተኞች መካከል የተደረገውን 5 ቢሊዮን ራንድ ገደማ የሚሆን የካሣ ስምምነት አጸደቀ፤ ክፍያው የሌሶቶ ሰዎችንም፣ የሞቱትንም ቤተሰብ ይመለከታል። ባለፈው ዓመት ያቺ ነርስ በዋትሳፕ ደወለችልኝ። ባለቤታቸው አጠገቧ ነበሩ። ራጁን በእሳቸው ብርድ ልብስ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አኑረውታል፤ ቡካናውም አለ። የቸገራቸው «ገበሬ» የሚለው ነው፤ ማመልከቻውን የሚያየው ሰው እሱን እንዳይዝባቸው ፈርተዋል።

የፊልሙን ፎቶ ላኩልኝና ንባቡን ጻፍኩ። ቀጥዬም ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በዚህ ቀን «ገበሬ» ብዬ የመዘገብኩት እኔ ነኝ፣ ሰውየውን ሳልጠይቅ ነው የመዘገብኩት ብዬ። ፈርሜና የፈቃድ ቁጥሬን ጽፌ በፖስታም በስልክም ላክሁት። መልሱ ገና አልመጣም፤ ነርሷን በየሳምንቱ እሑድ እጠይቃታለሁ።