የዓድዋ ስንቅ በማን ሒሳብ ተመዘገበ?

የካቲት በመጣ ቁጥር ስለ ጦሩና ስለ ጋሻው ብዙ ይወራል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ሁልጊዜ የማስበው ሌላ ነገር ነው፦ ያ ሁሉ ሰው ምን እየበላ ዓድዋ ደረሰ?

አፄ ምኒልክ የክተት አዋጁን ያሳወጁት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን ሆነ። በመካከሉ 140 ቀን ያህል አለ። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብቻ ይበላል ብንል 70 ኪሎ ያስፈልገዋል፤ መመለሻው ሳይቆጠር ማለት ነው። የዘመተው ሠራዊት ደግሞ 100 ሺህ ገደማ እንደነበር ይገመታል።

ያኔ ለወታደሩ ቀለብ የሚያድል ራሱን የቻለ የስንቅ ክፍል አልነበረም። ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣል። ከቤቱ ሲባል ከሚስቱ፣ ከእናቱና ከእህቱ እጅ ማለት ነው። በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹና ቋንጣው ለሸክም የሚቀል፣ ቶሎ የማይበላሽ ነው። ብዙ ሴቶችም አብረው ዘመቱ፤ በየሰፈሩ እህል ፈጩ፣ ጋገሩ፣ ውኃ ቀዱ፣ ቁስለኛ አስታመሙ። ይህን ያደረጉት ደግሞ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ሲሆነው ነው። ከብቱ በበሽታ አልቆ ነበር፤ ጎተራውም አልሞላም።

የስንቅን ኃይል እቴጌ ጣይቱ በሚገባ ያውቁ ነበር። መቀሌ ላይ የጣልያን ምሽግ የሚጠጣው ምንጭ እንዲያዝ የመከሩት እሳቸው ናቸው። ምሽጉ በውኃ ጥም ተጨንቆ በጥር ወር ተለቀቀ።

የካቲት ላይ ግን የእኛም ስንቅ ወደ ማለቁ ደርሶ ነበር። ወታደሩ እህል ፍለጋ በየአገሩ ይበተን ጀመር፤ ሸክሙ በትግራይ ገበሬ ላይ ወደቀ። የጣልያኑ ጄኔራል ባራቲየሪም ቀለብ አጥሮት ወደ ኋላ ለመመለስ አስቦ ነበር። ሆኖም ከሮም ተገፋፍቶ፣ የበታች ጄኔራሎቹም እንዋጋ ብለውት ወጣ። በውጊያው ዕለት ሴቶች ለተዋጊው ውኃ ሲያቀርቡ ዋሉ።

የጄኔራሎቹ ስም ተጽፎ ቀርቷል። በሶ የፈጨችውን ሴት ግን ማንም አልመዘገባትም።

እዚህ ላይ እኔም ጥፋት አለብኝ። የማህበራችንን ዓመታዊ ሒሳብ ስሠራ የተገዛውን ገብስ፣ የተከፈለውን የወፍጮ ቤት ዋጋና የተሸጠውን በሶ በብር አስገባለሁ። እህቶቻችን ሲለቅሙ፣ ሲቆሉና ሲያሽጉ የሚውሉት ሰዓት ግን የትም የለም። ለጋሾቻችን የሚያዩት ሰነድ ላይ ያ ሥራ ዜሮ ነው። ስለዚህ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የሥራ ሰዓት መዝገብ እንድንከፍት ሐሳብ አቀርባለሁ። ደብተሩን እኔ አዘጋጃለሁ፤ እናንተ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት ብቻ ንገሩኝ።