አረር አጉራሽ

«አውቶማቲክ ጥይት መጋቢ» የሚል ሐረግ በችኮላ በተሠሩ ትርጉሞች ውስጥ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። ሐረጉ የሚጠራው ዕቃ የተተኮሰን ጥይት ቀለሃ መልሶ ለመሙላት በሚያገለግል መጭመቂያ ላይ የሚገጠም ነው። ዲሎንና ሆርናዲን የመሳሰሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች በሚሠሩት መጭመቂያ እጀታው በተሳበ ቁጥር ባዶው ቀለሃ ከአንዱ ሥራ ወደሚቀጥለው ይዞራል፤ ባሩድ ከተጨመረበት በኋላ አፉ ላይ አረር ይቀመጥለታል። ቀድሞ በጣት ይሠሩት የነበረውን ይህን አረር የማስቀመጥ ሥራ አሁን ዕቃው ራሱ ይሠራዋል። ሐረጉ ሦስት ቃል አለው፤ ሁለቱ ስሕተት ናቸው፣ ሦስተኛው ደግሞ አያስፈልግም።

ከ«ጥይት» እንጀምር። የእንግሊዝኛው «ቡሌት» የሚጠራው ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚበረውን ክፍል ብቻ ነው። አማርኛ «ጥይት» ሲል ግን ቀለሃውን፣ ባሩዱን፣ እሳት ሰጪውንና አረሩን አንድ ላይ አድርጎ ነው። እንግዲህ «ጥይት መጋቢ» ያለ ሰው ያለቀለትን ጥይት ለጠመንጃ የሚያቀብል ነገር ጠራ ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ካዝና የሚባል ስም ካገኘ ቆይቷል። መጭመቂያው ላይ ያለው ዕቃ ጥይት የሚባል ነገር ከነጭራሹ አይነካም። እሱ የሚይዘው አረር ነው፤ ጥይት የሚገኘው ሥራው ሲያልቅ ነው።

ይህ ልዩነት ከፋብሪካ መመሪያ የተማርነው አይደለም። በ1897 እ.ኤ.አ. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ካፋን ወርሮ የመጨረሻውን ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾን ከያዘ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ በደቡብ ምዕራብ ገበያዎች ጥይት ከአሞሌና ከብር ጎን እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። የውጅግራ ጠመንጃ ቀለሃም ተተኩሶ አይጣልም፤ የእጅ ባለሙያ ባሩድና አረር ሞልቶ ይመልሰው ነበር። ሙሉውን ጥይት፣ ባዶውን ቀለሃና አረሩን ለይቶ መጥራት ያኔ የኪስ ጉዳይ ነበር። ያንን ሁሉ የለየ ቋንቋ ዛሬ በአንድ «ጥይት» ሲደፈጠጥ ድኽነቱ የተርጓሚው እንጂ የአማርኛ አይደለም። (የፈረንሳዩን «ፉዚ ግራ» አላምጦ «ውጅግራ» ያደረገ ሕዝብ የባዕድ ቃል ያስፈራዋል የሚል ካለም ይህቺን ያስታውስ።)

ዛሬ አረር የሚሠራው ከእርሳስ ብቻ አይደለም፣ መዳብ ይለበሳል፤ ስለዚህ ከእርሳስ ጋር የተያያዘው ይህ ቃል አርጅቷል የሚል ይኖራል። እንዲህ የሚከራከር ሰው ክርክሩን የሚጽፈው «እርሳስ» በምንለው ዕቃ ነው፤ በውስጡ ግን ቅንጣት እርሳስ የለም። ስም ከተሠራበት ማዕድን ተላቆ በአገልግሎቱ መቆም ይችላል።

«መጋቢ» የበለጠ ያታልላል፤ «ምግብ» የወጣበት ሥር ነውና። ነገር ግን በግእዝ መገበ ማለት አስተዳደረ፣ ሹም ሆኖ አደላደለ ማለትም ነው፤ መጋቢ ሐዲስ የሚባሉት ሊቅ ማንንም በእጃቸው አያበሉም። መጋቢ ስንቅ እንዳይቋረጥ ይጠብቃል። ማጉረስ ግን ሌላ ነው፦ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጉርሻ፣ አፍ ውስጥ። ዕቃው የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ እጀታው አንዴ ሲሳብ አንድ አረር ለአንድ ቀለሃ አፍ። ለዚህ ነው «አረር አጉራሽ» የምለው። በካፋዋ ከተማ በቦንጋ ዙሪያ እሸት ቡና እንደ ጅረት ወደ መፈልፈያ ለሚያፈሰው ክፍል «መጋቢ» ቢባል አልከራከርም፤ እዚያ ጉርሻ የሚቆጥር የለም።

ሁለት መቃወሚያዎች ግን ከባድ ናቸው። አንደኛው፣ «አጎረሰ» ለጠመንጃ ተይዟል የሚለው ነው፤ ጥይት አጎረሰ ይባላልና። እኔ ይህን ለቃሉ የቀረበ ምስክር አድርጌ እወስደዋለሁ። ጠመንጃ ጥይት ይጎርሳል፣ ቀለሃ አረር ይጎርሳል፤ የሚጎርሰው በስሙ እስከተጠራ ድረስ የሚደናገር የለም። በካፋ ሕዝብ ቋንቋ በካፊኖኖም «ኖኖ» አፍም ቋንቋም ነው፤ የቦንጋ ተናጋሪ ከአፍ የተወለደ ቃል አይከብደውም። ሁለተኛው ከሰዋስው ይመጣል፦ የመሣሪያ ስም «መፍጫ»፣ «ማጨጃ» እንደምንለው «ማጉረሻ» መሆን አለበት፣ «አጉራሽ» ሰው ነው ይላል። ታዲያ አፈር የሚጭነው ገልባጭስ? ቦምብ ጣዩ አውሮፕላንስ? አማርኛ የሰውን እጅ የሚተካ መኪና ሲያገኝ የአድራጊውን ስም ይሰጠዋል። ልዩነቱን እንጠቀምበት፤ በጣት የሚገፋው «ማጉረሻ»፣ በራሱ የሚሠራው «አጉራሽ» ይሁን። «አውቶማቲክ» ያኔ ሥራ ፈት ይሆናል።

በጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥብቅ ቁጥጥር የተደረገበትን ነገር ለምን ስም እናወጣለታለን ለሚልም መልስ አለኝ፦ የጉምሩክ ፈታሽና ፍርድ ቤት የቆመ አስተርጓሚ የያዙትን ዕቃ በስሙ መጥራት ይኖርባቸዋል።

ስም ያላገኘ አንድ የዕቃው ክፍል ቀርቷል፤ ከላይ እየዞረ በጀርባና በሆድ የተጣለውን አረር ሁሉ በቂጡ የሚያቆመው ከበሮ። ሰዋስው «አቅኚ» በል ይላል፤ የተጋደመውን ያቀናልና። ነገር ግን «አገር አቀና» የሚለው አነጋገር ለካፋ ሰው የ1897ቱን ዘመቻ በዘማቹ አንደበት ሲተረክ መስማት ነው፤ ቦንጋ ላይ ይህን ቃል ያለ ቅሬታ የሚሰማ ብዙ አይገኝም። እኔ «አሰላፊ» እለዋለሁ።