በ64 ቀን የቆመው ባጋቴል

ከፓሪስ በስተምዕራብ፣ ቡዋ ደ ቡሎኝ በሚባለው ደን ውስጥ፣ ባጋቴል የሚሉት ቤት አለ። ስሙ በፈረንሣይኛ «እዚህ ግባ የማይባል ነገር» እንደ ማለት ነው። እኛ ግን እዚህ ልናስገባው ፈልገናል።

ነገሩ ውርርድ ነበር። የንጉሥ ሉዊ 16ኛ ታናሽ ወንድም ኮንት ዳርቷ ቦታውን በ1775 እ.ኤ.አ. ገዛ። በ1777 መፀው ላይ አሮጌውን ቤት አስፈርሶ፣ ቤተ መንግሥቱ ከፎንቴንብሎ ሳይመለስ አዲስ ሊያቆም ከንግሥት ማሪ አንቷኔት ጋር በ100,000 ሊቭር ተወራረደ። ገና ሀያኛ ዓመቱን እየደፈነ ነበር፤ የእኛው እኩያ መሆኑ ነው። ደግሞም አሸነፈ። አርክቴክቱ ቤላንዤ ሥራውን በ64 ቀን ጨረሰ።

ታዲያ በምን ኃይል? 900 ያህል ሠራተኞች ቀንም ሌትም ተፈራረቁ። ድንጋይ፣ ኖራና ጀሶ ሲያጥር፣ ልዑሉ የስዊስ ዘበኞችን መንገድ ላይ አሠማርቶ የሌላ ሰው ዕቃ የጫነውን ጋሪ ሁሉ ወደ ባጋቴል አስነዳ። ይህን ለእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የጻፈላት የራሷ የኦስትሪያ አምባሳደር ነው እንጂ የልዑሉ ጠላት አይደለም። ልብ በሉ፤ ሕዝቡ በዱቄት ዋጋ ንረት የተነሣው በ1775 ነው፤ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቢሆነው ነው።

ቤቱ ግን ያምራል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ኒዎክላሲክ የሚባለው ስልት የሮኮኮን ጥምዝምዝ ጌጥ ጥሎ ወደ ጥንቶቹ ግሪክና ሮማ ቀጥተኛ መስመር የተመለሰ ነው። ባጋቴልም ትንሽ ነው፤ ግንቡ ልሙጥ፣ መስኮቶቹ ልክ በልክ፣ በአትክልቱ በኩል ወጣ ያለ ጉልላታም ክብ ሳሎን አለው። የልዑሉ መኝታ ቤት እንደ ጦር ድንኳን የተሠራ ነበር። (ዘማች መምሰል እንዴት ደስ ይላል!) ግንባሩ ላይ በላቲን «ትንሽ ግን ምቹ» የሚል ተጽፏል። እንግዲህ ያ ጭምትነት ስንት ጋሪ እንደ ፈጀ ግንቡ አይናገርም። እኛ ባነበብናቸው ገጾች ቤላንዤም፣ ስኮትላንዳዊው አትክልተኛ ብሌይኪም በስማቸው ተጠቅሰዋል፤ ግንበኞቹ ግን «900» ብቻ ናቸው።

ዳርቷ ባስቲይ በ1789 እንደ ተሰበረ አገር ጥሎ ሸሸ። ቤቱ አልፈረሰም፤ ምግብ ቤት ሆነ፤ እየተሸጠም ወደ እንግሊዝ መኳንንት እጅ ገባ። ልዑሉ ራሱ በ1824 ሻርል 10ኛ ተብሎ ነገሠና በ1830 ሕዝቡ አባረረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሪያው ከፍ ስለ ተደረገ፣ ዛሬ የሚታየው ቁመት የቤላንዤ አይደለም። ሁቤር ሮቤር ለመታጠቢያ ክፍሉ የሣላቸው ስድስት ሥዕሎችም ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛሉ።

በ1905 የፓሪስ ከተማ ገዛው፤ በ1907ም የጽጌረዳ ውድድር ተጀመረበት።