ስም ለበስ

በወላይታ ሶዶ የዘመን መለወጫው በዓል ጊፋታ እየደረሰ ነው እንበል። ለበሬ መግዣ ዓመቱን ሙሉ ሲያዋጡ ለከረሙ ጎረቤታሞች፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ለእያንዳንዳቸው በግል የቴሌግራም መልእክት ይደርሳቸዋል። ስሙ የገንዘብ ያዡ ነው፤ ፎቶውም የእሱ ነው፣ ባለፈው መስቀል በነጭ ጋቢ የተነሳው። «የእኔ ሂሳብ ለጊዜው ታግዷል፤ የቀረችውን መዋጮ በዚህ ቁጥር አስገቡልኝ። የወንድሜ ልጅ ስም ይመጣላችኋል፣ እንዳትደናገጡ። ባለበሬው ለሌላ ሊሸጥብን ነው።» ሦስቱ ወዲያው ይልካሉ። በማግስቱ ገንዘብ ያዡ ሲጠየቅ ምድር ይዞርበታል፤ እሱ የላከው መልእክት የለም።

ያኔ ሁሉም አፍ ላይ የሚመጣው ቃል «ሃክ ተደርጓል» ነው። ግን የሰውየው ስልክ እጁ ላይ ነው፤ አካውንቱም ይሠራል፤ የይለፍ ቃሉን የነካው የለም። አንድ ሰው ፎቶውን አውርዶ፣ ስሙን ጽፎ፣ ሌላ አካውንት ከፍቷል፤ በቃ። እንግሊዝኛው ይህን ኢምፐርሶኔሽን ይለዋል።

በአማርኛ ምን እንበለው? «ማስመሰል» በጣም ሰፊ ነው፤ ተዋናይም ያስመስላል፣ የታመመ መስሎ ከሥራ የሚቀርም ያስመስላል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 «የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆት» የሚለውን ይዟል፤ ለፍርድ ቤት የሚበጅ ስያሜ ነው። ነገር ግን ስርቆት ሲባል ሰው የሚፈትሸው የራሱን ኪስ ነው። ገንዘብ ያዡም አካውንቱን ከፍቶ አይቶ «ምንም አልጠፋብኝም» ብሎ ሊተኛ ይችላል፤ የተዘረፉት ጎረቤቶቹ ናቸውና። ስለዚህ እኔ «ስም ለበስ» እላለሁ። ብረት ለበስ ተሽከርካሪ እንደምንለው ነው፤ ከላይ የሚታየው ልባሱ ነው፣ ከውስጥ ማን እንዳለ አይታይም። ስም ለበስ አካውንት፣ ስም ለበስ ኢሜይል፣ ስም ለበስ ማጭበርበር ብለን ልንገለገልበት እንችላለን።

ፊደላችን ለዚህ ነገር ክፍት በር አለው። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሃይሌ፤ ፀሐይ፣ ጸሀይ። ዓይናችን ሁሉንም አንድ አድርጎ ማንበብ ለምዷል፣ ስለዚህ አንዲት ፊደል የተለወጠችበትን አካውንት ሳንጠራጠር እናልፈዋለን። ቴሌግራምም ሆነ ፌስቡክ ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ስም እንዳይታዩ አይከለክሉም። በኢሜይል አድራሻ ደግሞ የእንግሊዝኛው «ኤም» ወጥቶ «አር» እና «ኤን» ተጠጋግተው ይገቡለታል፤ በስልክ ስክሪን ላይ ለመለየት ዓይን ያደክማል።

የሥራ ኢሜይሉ ከቴሌግራሙ የከፋ የሚሆነው ሌባው ስለሚታገሥ ነው። የአንዱን ሠራተኛ የይለፍ ቃል በሐሰተኛ ሊንክ ይወስድና ሳምንታት ዝም ብሎ ያነባል፤ ማን ከማን እንደሚገዛ፣ ፕሮፎርማው መቼ እንደተላከ፣ ሒሳብ ሹሟ ደብዳቤ ስትጀምር ምን እንደምትል። ክፍያው ሊፈጸም ሲል «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል» የሚል አንድ መልእክት ጣል ያደርጋል።

«ታዲያ ደውሎ ማረጋገጥ ነው» የሚል አለ። ትክክል ነው፤ ግን በየትኛው ቁጥር? ይህ ጥያቄ አገራችንን የነካ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በኒውዮርኩ ሲቲባንክ ካለው ሂሳብ 27 ሚሊዮን ዶላር እንዲተላለፍ የሚያዝዙ ሁለት ደርዘን ያህል ፋክሶች ለሲቲባንክ ደረሱ። ገንዘቡ ወደ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ አውስትራሊያ፣ ቻይና፣ ቆጵሮስና አሜሪካ ወደሚገኙ ሂሳቦች ሄደ። የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በ2009 እንዳቀረበው ክስ፣ አጭበርባሪዎቹ አስቀድመው በብሔራዊ ባንኩ ስም ሌላ ሰነድ ልከው ነበር፤ ፊርማዎቹ ፋይል ላይ ካሉት ጋር የሚመሳሰሉ፣ ከሥር ደግሞ ለማረጋገጫ የሚደወልላቸው ሰዎች ስምና ስልክ የሰፈረበት። ሲቲባንክ ደወለ። የተነሳው ስልክ የናይጄሪያ፣ የደቡብ አፍሪካና የእንግሊዝ ሞባይል ነበር። «አዎ፣ የእኛ ትእዛዝ ነው» ያሉት ሌቦቹ ራሳቸው ናቸው። ነገሩ የታወቀው አንዳንድ ተቀባይ ባንኮች ገንዘቡን ሲመልሱና ብሔራዊ ባንኩ ዝውውሮቹን እንደማያውቃቸው ሲናገር ነው።

ያኔ ፋክስ ነበር፣ ዛሬ ቴሌግራም ሆነ እንጂ ስልቱ አልተለወጠም። ስም ለበሱ ልባሱን ብቻ ሳይሆን መጠየቂያውንም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የምትደውሉበት ቁጥር መልእክቱ ከመምጣቱ በፊት ስልካችሁ ወይም መዝገባችሁ ውስጥ የነበረው ይሁን። በመልእክቱ ግርጌ የተጻፈው አይሁን፤ ደዋዩ ራሱ «በዚህ መልሱልኝ» ያለውም አይሁን። የባንክ መተግበሪያችሁ ላይ ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል፤ ከምታውቁት ስም ከተለየ፣ «የወንድሜ ልጅ ነው» የሚለው ማብራሪያ ቀድሞ የመጣው ለዚህች ቅጽበት ተብሎ ነው።

ገንዘቡ ከሄደ ግን ደቂቃ አታባክኑ። የንግድ ባንክ ደንበኛ በ951 ይደውል፤ የሌላም ወደ ባንኩ ይሩጥ። አካውንቱ ከመዘጋቱ በፊት መልእክቶቹን ስክሪንሾት አንሱ፤ ለፖሊስ ይፈለጋሉ። ስሙ የተለበሰበት ሰው ደግሞ አይፈር፤ ማስጠንቀቂያውን በድምፁ ቀርጾ ለሚያውቁት ሁሉ ይላክ፤ ጽሑፍማ ሌባውም ይጽፋል።

ወደ በሬው ማኅበር ስንመለስ፣ ከአባላቱ መካከል መልእክቱ ደርሷቸው ያልላኩ አንዲት እናት ይኖራሉ እንበል። ገንዘብ ያዡ ሁልጊዜ በወላይትኛ «ሳሮ» ብሎ ነው የሚጀምራቸው፤ ይህ ግን በአማርኛ ስለ ገንዘብ ጀመረ። ነጠላቸውን ደረብ አድርገው ሁለት አጥር ተሻገሩና በሩን አንኳኩ።